አብሽ ዘር ያበላሻል? «አይጥ ላይ ተሞክሮ ተረጋግጧል» ስለሚባለው ነገር

የፍኖተ ሰላሟ ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

እንዴት አመሻችሁ ወገኖች። ቤታችን ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሥቷል። የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ።

ታናሽ እህቴ ነፍሰ ጡር ናት። የመጀመሪያዋ ነው። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ከአሥር ቀን በፊት አንዲት ጎረቤታችን «ወተትሽ ቀድሞ እንዲዘጋጅ ከአሁኑ ጀምሪ» ብላ የተፈጨ አብሽ በላስቲክ ቋጥራ ሰጠቻት። እህቴም ጠዋት ጠዋት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ በማር በጥብጣ ትጠጣለች። ትናንት ማታ ደግሞ ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ መጣ። ሰውየው ነጭ ጋዋን ለብሷል። «አብሽ በአይጥ ላይ ተሞክሮ ዘረ መል እንደሚያበላሽ ተረጋግጧል። ጉዳቱ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል» ይላል። ደነገጥኩ። ዛሬ ጠዋት ብርጭቆውን ከእጇ ነጥቄ ደፋሁት። ስታለቅስ ዋለች። «እስካሁን የጠጣሁትስ?» ትለኛለች። መልስ የለኝም።

አያታችን እህቴን ልታርሳት ከጮቄ ሥር፣ ከደጋው መጥታለች። ሁለት ጣሳ አብሽ ይዛ ነው የመጣችው። ለቅማ፣ አጥባ፣ ሰፌድ ላይ አስጥታዋለች። ቪዲዮውን ባሳያት «እናትሽ የታረሰችው በዚህ ነው፤ አንቺም ያደግሽው በዚህ ነው» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። ከዚያ ወዲህ በቅጡ አልተነጋገርንም።

እስቲ ንገሩኝ። አብሽ እውነት ተፈትኖ ያውቃል? ቅመም በአይጥ የሚፈተነው እንዴት ነው? እህቴንስ ምን ላድርጋት?

ማንኩሴ ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

እህት ዓለም፣ አይዞሽ። ነጭ ጋዋን ገበያ ላይ ይገዛል። ስልጆ ያለ አብሽ መቼ ተሠርቶ ያውቃል? ለሆድ ቁርጠቱም ስንጠጣው ኖረናል። ግን የነፍሰ ጡር ነገር ነውና እኔ አላውቅም። መቅኔ ቆጣሪ እዚህ መድረክ ላይ ስላለ እሱ ይመልስልሽ። የሞጣዋን አዋላጅም ጥሯት።

መቅኔ ቆጣሪ ፦ ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡05

እህቴ፣ እንጀራዬ ይኸው ነው። ባሕር ዳር ላብራቶሪ ውስጥ ለዓመታት ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የአይጥ መቅኔ ስቆጥር ኖሬአለሁ። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

አንድ ነገር ዲኤንኤን፣ ማለትም ዘረ መል የተጻፈበትን ነገር፣ ይጎዳል ወይ ብለን ሰው ላይ አንሞክርም። ደረጃ በደረጃ ነው የሚኬደው። መጀመሪያ ባክቴሪያ ነው። አሜሪካዊው ብሩስ ኤምስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያወጣው ዘዴ ነው። ሂስቲዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ለራሱ መሥራት ያቃተው የሳልሞኔላ ዘር ይወሰድና ሂስቲዲን በሌለበት ሳህን ላይ ይዘራል። ማደግ አይችልም። የሚፈተነው ነገር ዲኤንኤውን ከለወጠው ግን አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች ያጡትን ችሎታ መልሰው ያገኛሉ። በሁለት ቀን ውስጥ ሳህኑ ላይ ነጥብ ነጥብ እያሉ ይበቅላሉ። ነጥቦቹ ይቆጠራሉ። በዚህ ላይ የአይጥ ጉበት ጭማቂ ይጨመርበታል። ለምን መሰለሽ? ብዙ ነገር እንዳለ ሲሆን ጉዳት የለውም፤ ጉበት ሲያብላላው ነው የሚከፋው።

ቀጥሎ እንስሳ ይመጣል። ነጭ አይጥ፣ በየቡድኑ ቢያንስ አምስት አምስት። አንዱ ቡድን ቅመም የሌለበት ውሃ ብቻ ይጠጣል። ሌሎቹ ቅመሙን በጥቂቱ፣ በመካከለኛና በብዙ መጠን ይወስዳሉ። አንድ ቡድን ደግሞ ጉዳቱ የታወቀ መድኃኒት ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ ሳይክሎፎስፋማይድ ነው፤ የካንሰር መድኃኒት። ይህ ቡድን ዓይናችን ጉዳት ማየት እንደሚችል ማረጋገጫ ነው። በእርሱ ላይ ምንም ካልታየ ሙከራው በሙሉ ይጣላል።

ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የጭን አጥንቱ ይወጣል። መቅኔው በጥጃ ሴረም ታጥቦ ስላይድ ላይ በስሱ ይቀባል። ጊምሳ በሚባል ቀለም ይነከራል። መቅኔ የተመረጠው ቀይ የደም ሴል የሚሠራበት ቦታ ስለሆነ ነው። ቀይ የደም ሴል ሲጎለምስ ኒውክለሱን፣ ዲኤንኤ ያለበትን እምብርቱን፣ አውጥቶ ይጥላል። ባዶ ይሆናል። ቀደም ብሎ ክሮሞዞም፣ ማለትም ዲኤንኤ የተጠቀለለበት ክር፣ ተሰብሮ ከነበረ ግን ስባሪው አብሮ አይወጣም። ባዶው ሴል ውስጥ አንዲት ጥቁር ክብ ነጥብ ሆና ትቀራለች። ነጭ ነጠላ ላይ የወደቀች ጥቁር አዝሙድ አስቢ። ማይክሮኒውክለስ ትባላለች።

የምንቆጥረው ገና ወጣት የሆኑትን ሴሎች ነው። እነርሱ ወደ ሰማያዊ ያደላሉ፤ የበሰሉት ወደ ቀይ። ዓለም አቀፉ መመሪያ፣ ኦኢሲዲ የሚባለው የአገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት ያወጣው ቁጥር 474፣ ከእያንዳንዷ አይጥ ቢያንስ 4000 ወጣት ሴል ይቆጠር ይላል። ለአምስት አይጥ 20,000 መሆኑ ነው። ጤነኛ አይጥም ከ1000 ሴል አንድ ሁለት አያጣውም። ስለዚህ ጥያቄው «ነጥቧ አለች ወይ?» አይደለም። «ውሃ ብቻ ከጠጡት በለጠ ወይ?» ነው። የትኛው ስላይድ የየትኛዋ አይጥ እንደሆነ ቆጣሪው እንዲያውቅ አይፈቀድለትም። በኮድ ይሸፈንበታል። ዓይን አስቀድሞ የጠረጠረውን ያያልና።

ወደ አብሹ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት አለ። የአብሽ ፍሬ ጭማቂ በሦስት መንገድ ተፈተነ፦ በኤምስ ባክቴሪያ፣ ከአካል ውጭ በሚያድጉ የአይጥ ሴሎች፣ አሁን በነገርኩሽም የአይጥ መቅኔ። በሦስቱም ዲኤንኤ የመጉዳት ምልክት አልታየበትም። እንግዲህ ቪዲዮው ላይ «ተረጋግጧል» የተባለው ከዚህ ጋር ይጣላል።

«ለልጅ ልጅ ይተላለፋል» የሚለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የመቅኔ ሴል ቢጎዳ እንኳ ጉዳቱ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። ወደ ልጅ የሚያልፈው የዘር ሴል ውስጥ ያለ ጉዳት ብቻ ነው። ለእርሱ የተለየ ፈተና አለው። ወንዱ አይጥ ብቻ ነገሩን ይወስድና ምንም ካልወሰደች ሴት ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ የሞቱ ሽሎች ይቆጠራሉ። ሰውየው እንዲህ ተፈትኖ አይቼ ነው ካለ የትኛው ጥናት እንደሆነ ይናገር።

አንድ ነገር ግን አደራ። ዘረ መል አልጎዳም ማለት ለነፍሰ ጡር ይሆናል ማለት አይደለም። ሁለቱ ለየብቻ የሚጠየቁ ጥያቄዎች ናቸው። የእርግዝናውን ለአዋላጇ ትቻለሁ።

አዋላጇ ከሞጣ ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

የኔ እህት፣ ሌሊት ተረኛ ስለነበርኩ አሁን ነው ያየሁት።

መጀመሪያ እህትሽን አረጋጊያት። አሥር ቀን ስለጠጣች የልጁ ዘር ተበላሸ የሚባል ነገር የለም። ብርጭቆ ከእጇ መንጠቅም ይቅር። በሰባት ወሯ ከአብሹ ይልቅ ድንጋጤው ይከብዳታል።

ሆኖም የተፈጨውን አብሽ ታቁም። ዛሬውኑ። ምክንያቱ ሌላ ነው። አብሽ በብዛት ሲወሰድ ማሕፀንን ያነሳሳል ተብሎ ይፈራል። በተጨማሪም ሞሮኮ ውስጥ እርጉዝ አይጦች ላይ የተደረገ ሙከራ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። የአብሽ ውሃ ጭማቂ ደርቆ በቀን በየኪሎው 500 እና 1000 ሚሊግራም ተሰጣቸው። የሞቱ ሽሎች በዙ። የግልገሎቹ ቁጥርና ክብደት ቀነሰ። የአካል ጉድለት የታየባቸውም ነበሩ። እዚህ ላይ ልብ በይ። አይጧ ያችው ናት፤ የተጠየቀችው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። መቅኔዋ ንጹሕ ሆኖ እርግዝናዋ ሊጎዳ ይችላል።

ወጥ ውስጥ የገባው አብሽ፣ ስልጆው፣ ምንም አይልም። ትብላ። እንደ መድኃኒት በማንኪያ እየተለካ የሚጠጣው ነው የሚቆመው። ስኳር በሽታ ያለባት ወይም የደም ማቅጠኛ የምትወስድ እናት ደግሞ ከወለደች በኋላም ሐኪሟን ሳታማክር ባትጀምረው ይሻላል። አብሽ ስኳር ያወርዳል።

ለክትትል ስትሄድ «ለአሥር ቀን ይህን ያህል ጠጥቻለሁ» ብላ ትንገራቸው። እንዳትደብቅ። ምጥ የሚመስል ቁርጠት ከተሰማት ወይም ደም ካየች ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ይዘሻት ሂጂ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዚህ ወሬ ጋር ስለሚሄድ። ምጧ ሲቃረብ ብዙ አብሽ የጠጣች እናት የምትወልደው ልጅ ላቡና ሽንቱ እንደ ተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ሶቶሎን የሚባል መዓዛ ነው፤ አብሹ ውስጥ ያለ። በሌላ በኩል የሕፃናትን ሽንት በትክክል እንዲህ የሚያሸት፣ በዘር የሚተላለፍ ከባድ በሽታ አለ። በውጭ አገር ጤነኛ ሕፃን አብሽ ሸቶ ሐኪሞቹ ያንን በሽታ ጠርጥረው ደንግጠው ያውቃሉ። እናትየዋ ምን እንደጠጣች ሲጠየቅ ነው ነገሩ የተፈታው። ለዚህም ነው «ንገሯቸው» የምለው።

ዓባይ ማዶ ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡00

ለሁለታችሁም አመሰግናለሁ። እኔን ግን አንድ ነገር አይዋጥልኝም። መመሪያው ለአይጥ እስከ 2000 ሚሊግራም በኪሎ ይፈቅዳል ሲባል አንብቤአለሁ። 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት 120 ግራም መሆኑ ነው። ይህን ያህል አብሽ ማን ይበላል? እንዲህ ከሆነ የሞሮኮውም ሙከራ ለሰው ምን ይነግራል? ሌላው ደግሞ የነፍስ ጉዳይ ነው። ለአንድ ቅመም ብሎ ያን ሁሉ አይጥ መግደል ልክ ነው ወይ? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

መቅኔ ቆጣሪ ፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡15

ወንድሜ፣ ሁለቱም ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ስለ መጠኑ። በኪሎ ብቻ ማባዛት ያታልላል። የአይጥ አካል ትንሽ ስለሆነ ነገርን በፍጥነት ያቃጥላል። ስለዚህ የአይጥን መጠን ወደ ሰው ስንመልስ መጀመሪያ ለ12.3 እናካፍላለን። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚጠቀምበት ስሌት ነው። 2000 ለ12.3 ሲካፈል 163 ገደማ ይሆናል። በ60 ኪሎ ስታባዛው 10 ግራም እንጂ 120 ግራም አይደለም። የሞሮኮው 500 እና 1000 ሚሊግራም ደግሞ በዚሁ ስሌት ወደ 2 ተኩልና ወደ 5 ግራም ይመጣል። ያውም ፍሬው ሳይሆን የደረቀ ጭማቂው።

እህታችን የጠጣችውን እንይ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ አብሽ 20 ግራም ገደማ ነው። ፍሬ ስለሆነ ከጭማቂው ጋር እኩል አይደለም። ግን ከወጥ ቅመም እጅግ የራቀ፣ ከእነዚያ አይጦች መጠን ደግሞ ብዙም ያልራቀ ነው። አዋላጇ «ታቁም» ያለችበት ምክንያት እኔንም አሳምኖኛል። የወጥ አብሽ ሌላ፣ የማንኪያ አብሽ ሌላ።

ስለ ነፍስ። እ.ኤ.አ. በ1959 ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች የሚባሉ እንግሊዛውያን ሦስት ነገር አሉ። ያለ እንስሳ የሚቻል ከሆነ እንስሳው በሌላ ይተካ። ካልተቻለ ቁጥሩ ይነስ። ሥቃዩም ይቀነስ። ዛሬ ደንብ ሆኗል። ባክቴሪያው የሚቀድመውም አንድም ለዚህ ነው። እኔ ጠዋት ጠዋት ስመዝናቸው ሙቀታቸው እጄ ላይ ይሰማኛል። እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። ነገር ግን ያች ሞሮኮ የሞተች አይጥ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ላለች ነፍሰ ጡር ማስጠንቀቂያ ሆናለች። ይህን ሳስብ በከንቱ አልሞተችም እላለሁ። የሚያናድደኝ በአሥር ሴል፣ ያለ ማነጻጸሪያ ቡድን፣ ያለ ኮድ የተሠራ ሙከራ ነው። እንስሳው ይሞታል፤ እውቀቱ ግን የለም።

ባለ ሰፌድ ፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡30

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ ባሕር ዳር ቅመም አዘጋጅቼ ለሰው እሸጣለሁ። በሶብላ፣ ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ ሁሉንም። በሶብላ ጉበት ይጎዳል የሚል ወሬ ደንበኞቼ እያመጡብኝ ነው። ይሄም የቪዲዮ ወሬ ነው ወይስ አንድ ነገር አለው?

መቅኔ ቆጣሪ ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

እትዬ፣ ይሄኛው መነሻ አለው። በሶብላ ውስጥ ኤስትራጎል የሚባል መዓዛ አለ። መጠኑ እንደ ተክሉ ዓይነት ይለያያል። ይህ መዓዛ ተለይቶ፣ ንጹሑ ብቻ በብዛት ለአይጥ ሲሰጥ ጉበት ላይ ካንሰር አብቅሏል። የአውሮፓ የምግብ ሳይንስ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2001 ዘረ መል ይጎዳል ብሎ ደምድሟል። የሥጋ ዘመዱ ሳፍሮልም አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ምግብ ውስጥ እንዳይጨመር ከልክላዋለች።

ትናንት ስለ ጉበት ያልኩት እዚህ ይመጣል። ኤስትራጎል ብቻውን ዲኤንኤ አይነካም። ጉበት በሁለት እርምጃ ሲያብላላው ነው ዲኤንኤ ላይ የሚጣበቅ ነገር የሚሆነው። ያ ነገር ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። እዚያው ጉበት ውስጥ ተሠርቶ እዚያው ያልቃል። መቅኔ ድረስ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ እኔ መቅኔውን ብቻ ቆጥሬ «ንጹሕ ነው» ብል ልሳሳት እችላለሁ። ለዚህ ነው ኮሜት የሚባል ሌላ ፈተና የመጣው። የጉበት ሴል ጄል ውስጥ ይቀመጥና ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። የተበጣጠሰ ዲኤንኤ እንደ ጅራታም ኮከብ ጭራ ያወጣል። ኦኢሲዲ እ.ኤ.አ. በ2014 መመሪያ አውጥቶለታል፤ ቁጥር 489።

በሌላ በኩል ቅጠሉና የተለየው መዓዛ አንድ አይደሉም። በሶብላ ውስጥ ኔቫደንሲን የሚባል ሌላ ነገር አለ። ያንኑ የጉበት ሥራ ሲያግድ በላብራቶሪ ታይቷል። ምግብ ላይ ጣል የሚደረገውን በሶብላ አልፈራውም፤ ቤቴም አለ። ዘይቱ ተጨምቆ በጠብታ የሚሸጠውን ግን ለነፍሰ ጡርም ለሕፃንም አልሰጥም። እርስዎም አይሽጡ።

የቡሬ ልጅ ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ከተነሣ አይቀር የኛንም ጠይቁልን። ቡሬ በርበሬ ነው የምነግደው፤ ዛላ። የበርበሬ ማቃጠሉ ካንሰር ያመጣል ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው?

ሌላም የሚያሳስበኝ አለ። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ነጋዴ ስምንት ኩንታል ዛላ ገዛሁ። ላዩ ቀይ፣ ያማረ ነበር። መጋዘን ገብቶ ሲፈታ መሐሉ ግራጫ ሻጋታ ሆኗል። ክብደት እንዲያነሣ፣ ዛላውም እንዳይሰባበር ውሃ ረጭተውበት ነው ያሰሩት። አቃጥዬው ከሰርኩ። ግን «ፈጭተህ ከደህናው ጋር ቀላቅለው፣ ማን ያውቃል» ያለኝ ሰው ብዙ ነው። በየገበያው እንዲህ የሚቀላቀል እንዳለ እናውቃለን። ይሄስ በአይጥ ተፈትኗል ወይ?

መቅኔ ቆጣሪ ፦ ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

ወንድሜ፣ ክፍያውን እግዚአብሔር ይስጥህ። ያቃጠልከው ስምንት ኩንታል የስንቱን ጉበት አድኗል።

ስለ ማቃጠሉ ባጭሩ። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን ነው። በድሮዎቹ ሙከራዎች ውጤቱ የተቀላቀለ ነበር፤ አንዱ ይጎዳል ሲል አንዱ አይጎዳም ይላል። ከበርበሬ የወጣው ካፕሳይሲን ከሌላ ነገር ጋር የተነካካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 እጅግ ንጹሕ የሆነው ሲፈተን ባክቴሪያው ላይም የአይጥ መቅኔ ላይም ምንም አላሳየም።

የሻጋታው ጉዳይ ግን እንቅልፍ የሚነሣ ነው። እርጥብ በርበሬ ላይ የሚበቅል አስፐርጊለስ የሚባል ሻጋታ አለ። አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አንደኛ ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠበት ምድብ ነው። አሠራሩ ከኤስትራጎል ጋር ይመሳሰላል፤ ጉበት ሲያብላላው ዲኤንኤ ላይ ይጣበቃል። ኃይሉ ግን አይወዳደርም። ባክቴሪያም ላይ እንስሳም ላይ ተፈትኖ ዲኤንኤ መጉዳቱ ታይቷል። ቪዲዮው ውስጥ ያለው ሰውዬ ዘር የሚያበላሽ ነገር ከፈለገ አብሹን ትቶ ይህን ያሳየን።

የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ በርበሬ ውስጥ ከ5 ማይክሮግራም በላይ አፍላቶክሲን ቢ1 አይፈቅድም፤ ጠቅላላው ደግሞ ከ10 እንዳይበልጥ ነው። ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ነው። ከኢትዮጵያ የሚሄድ ቅመም ድንበራቸው ላይ በተለየ ቁጥጥር ሲፈተሽ የቆየው በዚሁ ምክንያት ነው። እኛ የምንበላውን ግን ወፍጮ ቤት በር ላይ ማን ይፈትሸዋል? ማመስ ጥቂት ይቀንሰዋል፤ አያጠፋውም። ወጥ መቀቀል ምንም አያደርገውም። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጣዕም የለው። ሻጋታው ተጠርጎ ቢጠፋ እንኳ መርዙ ውስጥ ይቀራል። «ፈጭተህ ቀላቅለው» የሚለው ምክር የሚያስፈራው ለዚህ ነው።

መከላከያው እጃችሁ ላይ ነው። መሬት ላይ አታስጡ፤ ሸራ ወይም ቆጥ ይሁን። ዛላው ሲነቀነቅ ፍሬው እስኪንሿሿ ጆንያ አይግባ። ማታ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ይሸፈን። ውሃ የሚረጭ ነጋዴ ስታዩ አትግዙት።

የዳንግላ ከብት ሐኪም ፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡05

የመቅኔ ቆጣሪን ነገር እኔ ከከብቱ በኩል ልደግፍ። አፍላቶክሲን የተገኘው በላብራቶሪ አይጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ የቤት ወፎች ከ100,000 በላይ ሞቱ። ምን በሽታ እንደሆነ ጠፋቸው። ኋላ ሲጣራ ከብራዚል የመጣ፣ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ በልተው ነው።

ፋጉሎ ስል የኛው ቤት ነገር ነው። የሻገተ የኑግ ፋጉሎ ለላም የምትሰጡ ሰዎች፣ መርዙ መልኩን ለውጦ ወተቱ ውስጥ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ያለ ወተት ላይ የተደረገ ጥናት አለ። ከ110 ናሙና ውስጥ የአውሮፓን ወሰን ያላለፈው 9 ብቻ ነበር። ላሟ ላይ ምንም አይታይባትም። ጤነኛ ትመስላለች። ወተቱን የሚጠጣው ሕፃን ነው። ገበሬ ወንድሞቼ «ሰው አይብላው እንጂ ለላም ይሆናል» እያሉ የሻገተውን ሲጥሉላት በዓይኔ አያለሁ። እባካችሁ ይቅር።

የፍኖተ ሰላሟ ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡30

ወገኖቼ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የጻፋችሁትን ለእህቴ አንድ በአንድ አነበብኩላት። ስለ ዘረ መሉ የተጻፈውን ሁለቴ አስደገመችኝ። ዛሬ ምሳ በልታለች። የተፈጨውን አብሽ አቁማለች። ላስቲኩን ፈትተን ስናሸተው ደግሞ እርጥብ እርጥብ ይላል፤ አንዳንድ ቦታ ተጓጉሏል። መቼ እንደተፈጨ ጎረቤታችንም አታውቅም። ጉድጓድ ጣልነው።

ከአያቴ ጋርም ታረቅን። ፈርቼ ነበር የጠየቅኳት። «እማማ፣ ይሄን ሰፌድ ላይ ያለውን መቼ ነው የምትሰጪያት?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ማን አሁን ትጠጣ አለ? ሆዷ ውስጥ ልጅ እያለ አብሽ ይጠጣል? ይሄ ለአራስ ቤቷ ነው። ጎረቤትሽ ስታጠጣት እኔ መች አየሁ» አለችኝ። ለካ እርሷ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ነው እህቴ የምትጠጣው። ሁለታችንም ስለተለያየ አብሽ ነበር የተኳረፍነው።

አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ሁለተኛውን ጣሳ እየለቀመች ነው። ጠቆር ያለችውን፣ የተጨማደደችውን ለብቻ ታወጣለች። ለምን እንደምትጥላት ስጠይቃት «ሽታዋ አላማረኝም» ነው ያለችኝ። ዶሮ እንዳይለቅመው ብላ እሳት ውስጥ ትጨምረዋለች።

አዋላጇ ከሞጣ ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

እሰይ። አያትሽን ሳሚልኝ። ከወለደች በኋላም በቀጭኑ፣ ከምግብ ጋር ይሁን። የእህትሽ ቀጠሮ መቼ ነው?

የፍኖተ ሰላሟ ፦ ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡04

ዓርብ ጠዋት ነው። የጠጣችውን መጠን ወረቀት ላይ ጽፌ ቦርሳዋ ውስጥ አስገብቻለሁ።